ያልተለካ ደም፣ ያልተቆጠረ ሕመም

«ደም ግፊት አለብዎት ብሎ ሐኪም ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ ነግሮዎት ያውቃል?» በአዋቂዎች ላይ የሚካሄዱ የጤና ዳሰሳ ጥናቶች ሥር የሰደዱ በሽታዎችን በአብዛኛው የሚቆጥሩት በዚህ ጥያቄ ነው። ደም ግፊት ወጥቶ ስኳር፣ አስም፣ ካንሰር ወይም የልብ ሕመም ይገባበታል እንጂ አጠያየቁ ያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚካሄደው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ቃለ መጠይቅ ጥናትም ሆነ በ1984 የተጀመረውና በስልክ የሚጠይቀው የክፍለ ግዛቶች ጥናት በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። የካናዳው ብሔራዊ ጥናትም ተጠያቂው በጤና ባለሙያ የታወቀለትን ሕመም ብቻ እንዲናገር ያሳስባል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ሰውየው ታማሚ፣ «አይ» ከሆነ ጤነኛ ተብሎ ይመዘገባል። መልሶቹ ይደመራሉ፤ ከመቶው ይህን ያህሉ ሕመምተኛ ነው ተብሎም ይታተማል።

ይህ ቁጥር የበሽታው ልክ ነው የሚለው እምነት በጤና ቢሮዎች፣ በለጋሽ ድርጅቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በጋዜጦች ዘንድ ጸንቶ ቆይቷል። መድኃኒት የሚገዛው፣ ባለሙያ የሚመደበው፣ በጀት የሚከፋፈለው በዚሁ ቁጥር ነው። እምነቱ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ሰው የሚጎዳ ነው። ጥያቄው በዋናነት የሚለካው ሐኪም ዘንድ መድረስን ነው። ሐኪም ያልደረሰለት ሰው በዚህ ሚዛን ምንጊዜም ጤነኛ ሆኖ ይወጣል፤ ጤነኛ ስለተባለም ሐኪም የሚላክለት የለም።

ከ«አዎ» በፊት ያሉ አምስት በሮች

አንድ ሰው ለጥያቄው «አዎ» ብሎ ለመመለስ አምስት በሮችን ማለፍ አለበት። በመጀመሪያ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ከሄደ በኋላ ለመጣበት ጉዳይ ብቻ ታይቶ ሳይመለስ ደሙ ሊለካ ወይም ሊመረመር ይገባል። ውጤቱ በሚገባው ቃል ሊነገረው ይገባል። የተነገረውን ማስታወስ አለበት። በመጨረሻም ደጁን ላንኳኳ እንግዳ ለመናገር ፈቃደኛ መሆን አለበት። ከአምስቱ በአንዱ ላይ የቀረ ሰው፣ ሕመሙ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ከጤነኞች ተርታ ይሰለፋል።

ከጤና ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩ የ55 ዓመት እናት ለምሳሌ ይታሰቡ። መረጃ ሰብሳቢው ታብሌቱን ይዞ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ተሰጥቶት ተቀምጧል። «እማማ፣ ደም ግፊት አለብዎት ተብለው ያውቃሉ?» ሲላቸው «ኧረ የለብኝም ልጄ፣ ተመስገን» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት የሚፈልጣቸውን ራስ ምታት በሻሽ ጠፍንገው አስረው ውለዋል፤ እሱ ግን አልተጠየቀም። «አይ» የሚለው ተመዘገበ። ጥናቱ በጥያቄ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ እኚህ እናት በአገሪቱ አኃዝ ውስጥ ጤነኛ ሆነው በቀሩ ነበር።

ጥናቱ የዓለም ጤና ድርጅት «ስቴፕስ» ብሎ ያዘጋጀውን ሥርዓት የተከተለ ከሆነ ግን ሥራው ይቀጥላል። ተጠያቂዋ ለ15 ደቂቃ ያህል እንዲያርፉ ይደረጋል፤ መለኪያው ክንዳቸው ላይ ይጠቀለላል፤ በየ3 ደቂቃው ልዩነት ሦስት ጊዜ ይለካል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አማካይ ይያዛል። አማካዩ 172 በ104 ቢሆን በአንድ ቅጽ ላይ ስለ አንድ ሰው ሁለት የማይታረቁ ፍርዶች ይሰፍራሉ፤ በጥያቄው ጤነኛ፣ በመለኪያው አስቸኳይ ክትትል የሚያሻቸው ሕመምተኛ።

ኢትዮጵያ ይህን ሥርዓት ተከትላ እ.ኤ.አ. በ2015 በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አማካይነት አገር አቀፍ ጥናት አካሂዳለች። ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት ምንም መድኃኒት አይወስዱም ነበር። በሐኪም ተነግሯቸው እንደሆነ ብቻ ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹ ከቆጠራው ውጭ በቀሩ ነበር።

ድሃው ጤነኛ፣ ሀብታሙ ሕመምተኛ

በሕንድ የኬራላ ግዛት ሕዝብ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ትምህርት ተስፋፍቷል፤ የጤና አገልግሎትም ቅርብ ነው። የቢሃር ግዛት በእነዚህ ሁሉ ወደ ኋላ የቀረ ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ እንዳስረዱት ግን፣ ሰዎች ስለ ሕመማቸው ሲጠየቁ «ታምሜያለሁ» የሚለው በብዛት የኬራላ ሰው ነው፤ ቢሃር ላይ የሚናገረው ጥቂት ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ደግሞ ከኬራላም በላይ ሕመሙን ይናገራል። አኃዙ እንደወረደ ቢታመን ቢሃር ከአሜሪካ የተሻለ ጤና አለው ማለት ይሆናል። ሰው ሕመሙን የሚያውቀው መርማሪ ሲያገኝና ጤና ምን እንደሚመስል ሲማር ነው። በሽታ ሲለመድ ዕጣ ፈንታ ይመስላል፤ ዕጣ ፈንታውን ደግሞ ማንም «ሕመም» ብሎ አያስመዘግብም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 በቻይና፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በሩሲያና በደቡብ አፍሪካ ያካሄደው የአዋቂዎች ጥናት ይህን በግልጽ ለመፈተን አስችሏል። ተጠያቂዎቹ ሐኪም ነግሯቸው እንደሆነ ከተጠየቁ በኋላ ስለ ምልክቶቹም ተጠይቀዋል፤ ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይይዛቸው እንደሆነ፣ ሲያርፉ ይለቃቸው እንደሆነ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው እንደሆነ። ተመራማሪዎች ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ሲያስተያዩ ልዩነቱ ዓይን የሚስብ ሆነ። «ተነግሮኛል» በሚለው ሲቆጠር በሽታዎቹ በተሻለ ኑሮ ላይ ባሉት ዘንድ ያጋደሉ መስለው ታዩ፤ በምልክት ሲቆጠር ግን ያ ዝንባሌ ደከመ፣ በአንዳንዶቹ በሽታዎች ላይም ተገልብጦ ድሃው ይበልጥ ታማሚ ሆኖ ተገኘ። «ሥር የሰደደ በሽታ የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አባባል ከጥያቄው ምን ያህል ጉልበት እንዳገኘ ከዚህ ማየት ይቻላል።

«ስሕተቱ ይቻቻላል» ለሚለው መልስ

የጥያቄው ጠበቆች አንድ የታወቀ መከራከሪያ አላቸው። እያንዳንዱ መልስ ሊሳሳት ቢችልም ናሙናው ትልቅ ከሆነ የአንዱ ጉድለት በሌላው ትርፍ ይቻቻላል፤ ቢያንስ ዓመትን ከዓመት፣ አገርን ከአገር ለማወዳደር ይበቃል ይላሉ። መቻቻል የሚሠራው ግን ስሕተቱ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል ሲያዘነብል ነው። እዚህ የሚያዘነብለው ሕክምና በራቀው ሰው ላይ ነው። ናሙናው በአሥር እጥፍ ቢያድግ ያው ዝንባሌ ይበልጥ የተረጋገጠ መስሎ ከመታየት በቀር አይታረምም።

ለአገር ከአገር ንጽጽርም አይበቃም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ ስኳር ካለባቸው 37.3 ሚሊዮን ሰዎች 8.5 ሚሊዮኑ እንዳለባቸው አያውቁም፤ ከአምስት አንድ በላይ መሆኑ ነው። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን የ2021 ግምት ደግሞ በአፍሪካ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስኳር ያለባቸው አዋቂዎች እንዳለባቸው አያውቁም ይላል። አንዱ ወንፊት በአንድ ቦታ ሩቡን፣ በሌላ ቦታ ግማሹን ያፈስሳል፤ የተረፈውን አስተያይቶ «እዚህ ይብሳል፣ እዚያ ይሻላል» ማለት ወንፊቱን እንጂ እህሉን ማወዳደር አይደለም።

ዓመትን ከዓመት ማወዳደርም ተመሳሳይ አደጋ አለበት። አንድ ሺህ አዋቂ ባለበት ቀበሌ ሁለት መቶው ደም ግፊት አለባቸው እንበል። ሐኪም የነገራቸው ሃያ ብቻ ከሆኑ ጥናቱ 2 በመቶ ይላል። ጤና ጣቢያ ተከፍቶ፣ ነርሶች ደም ለክተው፣ የሚያውቁት መቶ ሲደርሱ በሚቀጥለው ጥናት ቁጥሩ 10 በመቶ ይሆናል። በሽታው አንድም ሰው አልጨመረም፤ ጋዜጣው ግን «አምስት እጥፍ አሻቀበ» ብሎ ይጽፋል። ሥራውን በትጋት የሠራ ጤና ጣቢያ በሽታ ያስፋፋ ይመስላል፤ ሰው ሳይለካ የከረመው ቀበሌ በጤናማነቱ ይመሰገናል።

«ሥር የሰደደ» ማለት ስንት ወር ነው?

የቆጠራው ችግር ከጥያቄው በፊት፣ ከፍቺው ይጀምራል። አንድ ሕመም ሥር ሰድዷል የሚባለው ስንት ጊዜ ሲቆይ ነው? የአሜሪካው የቃለ መጠይቅ ጥናት ለረጅም ጊዜ ሦስት ወርን መስፈርት አድርጎ ሠርቷል። የአውሮፓ አገሮች፣ ካናዳና አውስትራሊያ ስድስት ወር ይላሉ። የብሪታንያ ስታትስቲክስ አሥራ ሁለት ወር ይጠይቃል። ወገቡን አምስት ወር ያመመው ሰው በአንዱ አገር ሥር የሰደደ ሕመም አለበት፤ በሌላው የለበትም። ወገቡ ግን ያው ወገብ ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ የሚገቡት በሽታዎች ምርጫም ቁጥሩን ይለዋውጠዋል። በአሜሪካ የ2018 የቃለ መጠይቅ ጥናት አሥር በሽታዎች ተቆጥረው ቢያንስ አንዱ ያለባቸው አዋቂዎች 51.8 በመቶ ሆኑ። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ2014 መረጃ ላይ ሰፋ ያለ ዝርዝር ተጠቅሞ 60 በመቶ ብሎ ነበር። በስልክ የሚጠይቀው ጥናት በ2023 አሥራ ሁለት ሁኔታዎችን ሲቆጥር፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትን፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮልንና ድብርትን ስለጨመረ፣ ቁጥሩ 76.4 በመቶ ደረሰ። ሦስቱ አኃዞች ያለ ዝርዝራቸው በአንድ አንቀጽ ቢደረደሩ አሜሪካውያን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጅምላ የታመሙ ይመስላሉ። ከልዩነቱ አብዛኛው የመጣው ከዝርዝሩ ነው።

በአንዱ ዝርዝር ውስጥ እንኳ በሽታዎቹ በአንድ መለኪያ አይቆጠሩም። ካንሰር «በሕይወት ዘመንዎ ተነግሮዎት ያውቃል?» ተብሎ ስለሚጠየቅ ከሃያ ዓመት በፊት ታክሞ የዳነ ሰው ዛሬም ሕመምተኛ ይባላል። አስም «አሁንም አለብዎት?» ተብሎ ይጣራል። የመገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ ሪህን፣ ሉፐስንና ሌሎችንም በአንድ ጥያቄ ጠቅልሎ ይወስዳል። የዳነው ተቆጥሮ ያልተመረመረው የሚዘለልበት ቆጠራ በሁለት አቅጣጫ የተሳሳተ ነው።

መስመሩ ሲነቀል

መለኪያ ያለው ጥናትም ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም፤ መለኪያው የሚያነበው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን በሽታ የሚያሰኘው ሰዎች ያሰመሩት መስመር ነው። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2017 የደም ግፊትን መስመር ከ140 በ90 ወደ 130 በ80 አወረዱት። ከ2011 እስከ 2014 በተለኩ አሜሪካውያን አዋቂዎች ላይ ሁለቱም መስመሮች ሲሞከሩ የታማሚው ድርሻ ከ31.9 በመቶ ወደ 45.6 በመቶ ዘለለ። ሰዎቹ ያው፣ ክንዳቸው ያው፣ የተነበበውም ቁጥር ያው ነው። የስኳር መስመርም እ.ኤ.አ. በ1997 ሳይበላ በተለካ ደም ከ140 ወደ 126 ሚሊ ግራም ወርዷል። መስመርን ዝቅ ማድረግ የሕክምና ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የትኛው መስመር እንደተያዘ ሳይነገር የሚታተም አኃዝ ግን አንባቢን ያሳስታል።

የዕድሜ ወሰንም መስመር ነው። የኢትዮጵያው ጥናት 69 ዓመት ላይ ሲያቆም ሥር የሰደደ ሕመም ይበልጥ የሚበዛባቸውን አረጋውያን ውጭ አስቀርቷል። የአሜሪካው የቃለ መጠይቅ ጥናት በአረጋውያን መጦሪያና በማረሚያ ቤት ያሉትን አይጨምርም። አንዱም ጥናት «የአገሪቱ አዋቂዎች» የሚለውን ቃል ሙሉ በሙሉ አይሞላውም።

ቃሉ ራሱ ሲያስት

መጠይቅ በተዘጋጀበት ቋንቋና በሚነበብበት ቋንቋ መካከልም ብዙ ሰው ይጠፋል። በአማርኛ «ኩላሊት አለብኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ጎኑን ወይም ወገቡን ያመዋል ማለት ነው፤ መጠይቁ የሚፈልገው የኩላሊት መድከም ሌላ ነው፤ እስኪጠና ድረስም ምልክት ላያሳይ ይችላል። «ሪህ» በሕዝቡ አፍ የማንኛውም መገጣጠሚያ ቁርጥማት ስም ነው። «ደም ብዛት» ሲባል የሚያውቅ ሰው «ደም ግፊት» ሲባል ሊያመነታ ይችላል። «ነርቭ» በአንዱ ቤት የእግር መደንዘዝ፣ በሌላው የጭንቀት ስም ነው። እነዚህን ሳይፈትሽ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ መጠይቅ የሌለውን ይጨምራል፣ ያለውን ይጥላል።

በስደት ያለው ማኅበረሰብም በዚሁ ይጎዳል። የአሜሪካው ብሔራዊ ቃለ መጠይቅ የሚካሄደው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ፣ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ አረጋዊ ቢመረጡ የሚመልሱት በልጅ ወይም በልጅ ልጅ አፍ ነው። ሰው በልጁ ፊት ስለ ሽንቱና ስለ ጭንቀቱ በነጻነት አይናገርም። የተገኘውም መልስ ጥቁር አሜሪካውያን በሚለው ሰፊ መደብ ውስጥ ገብቶ ከዓይን ይጠፋል።

የተቃውሞው ሚዛን

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሱ ሁለት ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። አንደኛው የወጪ ነው። ደም መለካት የሠለጠነ ሰው፣ መሣሪያና ጊዜ ይጠይቃል፤ ደም መቅዳት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሁሉንም ሰው መለካት አያስፈልግም፤ ከናሙናው ውስጥ በዕጣ የወጡ ጥቂቶች ቢለኩ ጥያቄው ምን ያህል እንዳፈሰሰ ይታወቃል፤ የቀረውም በዚያ ይታረማል። በርካሽ የተገኘ የተሳሳተ ቁጥር የሚያስከትለው ወጪ በኋላ በአልጋ፣ በእጥበትና በቀብር ይከፈላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ መለኪያም ይሳሳታል የሚለው ነው። ሐኪም ደም ግፊት ብሎ ለመፍረድ በተለያዩ ቀናት ይለካል፤ ጥናት ግን በአንድ ቀን ይፈርዳል። መረጃ ሰብሳቢውን አይቶ የደነገጠ ሰው ልቡ ይመታል፤ ለክንዱ የጠበበ መለኪያም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ይህም እውነት ነው፤ ሆኖም የመለኪያ ስሕተት መጠኑ ሊታወቅና ሊታረም ይችላል፤ ድሃን ለይቶም ጤነኛ አያደርግም። ድብርት፣ ጭንቀትና የሕመም ስሜት ደግሞ መሣሪያ አይደርስባቸውም፤ ለእነዚህ ሰውን መጠየቅ ግድ ነው። የሚጠየቀው ግን ሐኪሙ ያለው መሆን የለበትም፤ ሰውየው የሚሰማው መሆን አለበት። ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣ? ደረጃ ሲወጣ ምን ይሰማዋል? ለእነዚህ ሐኪም አይቶ የማያውቅም ሰው መልስ አለው።

ቁጥሩ ከነማስረጃው ይውጣ

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ ግልጽ ነው። ስለ ሥር የሰደደ ሕመም የሚወጣ አኃዝ ብቻውን መታተም የለበትም። ከጎኑ አራት ነገሮች ሊቀመጡ ይገባል፤ ስንት ሰው ተለክቶ እንደማያውቅ፣ ስንቱ እንደተነገረው፣ በመለኪያ ወይም በምልክት ስንቱ ታማሚ ሆኖ እንደተገኘ፣ ስንቱ ሕክምና ላይ እንዳለ። የበሽታዎቹ ዝርዝር፣ የወሩ ብዛት፣ የተያዘው መስመርና ያልተጠየቁት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በዚያው ገጽ መጻፍ አለባቸው። መስመር ሲለወጥ የድሮው መረጃ በአዲሱ መስመር እንደገና ይሰላ። መጠይቁ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት በሚጠየቁት ሰዎች ቃል ይፈተን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረቱ፤ ተረቱ የሚወቅሰው ታማሚውን ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደብቀው ግን ቆጣሪው ነው። የተጠየቁት እናት የሚያውቁትን ተናግረዋል፤ ያልለካቸው ነው ጤነኛ ያላቸው። የጤና ሚኒስትሮች፣ ተመራማሪዎችና ጋዜጠኞች «ከመቶው ይህን ያህሉ» የሚል ቁጥር በቀረበላቸው ጊዜ ሁሉ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ደሙ የተለካው ስንቱ ነው?